ጅብና ዝንጀሮ የተቆራኙ ዕለት

ተረት ተረት! «የላም በረት» ልትሉ አፋችሁን ከፍታችኋል፤ ዝጉት። የዛሬው የላም አይደለም። የላም ተረት ወተት ወተት ይላል፤ የዛሬው የአህያ ስለሆነ ጭነት ጭነት ይላል። ተረት ተረት ስል «የአህያ ጀርባ» በሉኝ። አሁን ደኅና። ያ ጥግ ላይ ያለኸው፣ ጣትህን ከአፍንጫህ አውጣና ስማ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳ የሚናገርበት፣ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ የሚያዳምጥበት ዘመን ነበር። በዚያ ዘመን ዳልቻ የምትባል አህያ ነበረች። ጀርባዋ ገጣባ፣ ጆሮዋ ረጅም፣ ትዕግሥቷ ከጆሮዋ የረዘመ ነበር። ጌታ አልነበራትም፤ ራሷን በራሷ የምታከራይ አህያ ነበረች። እንዲህ ያለች አህያ ዛሬ የለችም። የዛሬዎቹ ባለቤት አላቸው፣ ባለቤቶቻቸውም ዱላ አላቸው።

ዳልቻ የምትሸከመው ለዝንጀሮዎች ማኅበር ነበር። ዝንጀሮዎች አንድ ቀን ገደል አፋፍ ላይ ተሰብስበው መከሩ። ለየብቻችን ስንሰርቅ ለየብቻችን እንደበደባለን፤ ማኅበር እናቁምና እንነግድ ተባባሉ። ገብስ ወደ ቆላ አውርደው በጨው ሊለውጡ፣ ጨው ወደ ደጋ አውጥተው በገብስ ሊለውጡ ተስማሙ። አንዱን ዋሻ በር ሠሩለትና ጎተራ አደረጉት። አለቃ አድርገው የሾሙት ጎፈሬ የሚባለውን ነው። ጎፈሬ ከትከሻው እስከ ጉልበቱ ጠጉር የለበሰ፣ ሲራመድ መሬቱ የእሱ የሚመስለው ወንድ ዝንጀሮ ነበር። ሥራ አይወድም፤ ስብሰባ ግን ይወዳል።

አንድ ነገር ጎደላቸው፤ መነሻ የሚሆን ገብስ የላቸውም። ዝንጀሮ የተዘራ መብላት እንጂ መዝራት መቼ ያውቃል? ስለዚህ ጎፈሬ ወደ አያ ጅቦ ዘንድ ሄደ።

አያ ጅቦ ገብስ ነበረው፣ ያውም በዳውላ በዳውላ የተደረደረ። ጅብ ገብስ ከየት አመጣ ትሉኝ ይሆናል። መንገድ ላይ ከነጭነታቸው ካገኛቸው አህዮች ነዋ። አህዮቹን በላ፣ ገብሱን አስቀመጠ፤ ጅብ ቆሎ አይቆረጥምም። ጎፈሬ ይህን ያውቃል። ግን አበዳሪውን «ይህን ከየት አመጣኸው?» ብሎ የጠየቀ ተበዳሪ እስካሁን አልተወለደም።

አያ ጅቦ አበደረ፤ ሲያበድር ግን መያዣ አምጣ አለ። ጎተራው ውስጥ ያለው፣ ነገ ወደ ጎተራው የሚገባው፣ ከነገ ወዲያ የሚመጣውም ጭምር፣ ብድሬ እስኪመለስ መያዣዬ ነው አለ። ጎፈሬ እሺ አለ። ብድሩ በመስከረም እንዲመለስ ተቃጠሩ። አያ ጅቦም አንድ ያረጀ የጭን አጥንት አምጥቶ የጎተራው በር ላይ ሰቀለ። ያ አጥንት የመያዣው ምልክት ሆነ። አገሩ ሁሉ አየው፤ ዳልቻም አየችው። የማን አጥንት እንደሆነ መጠየቅ ግን አልፈለገችም።

ንግዱ ቀና። ዳልቻ ገብስ ጭና ወረደች፣ ጨው ጭና ወጣች። ወረደች፣ ወጣች። ወረደች፣ ወጣች። ኪራይዋ ዓመት ሲሞላ ሁለት ዳውላ ገብስ ነበር። ዓመቱ ሞላና ሄዳ ጠየቀች፤ ነገ ነይ አሏት። ነገ ሄደች፤ ነገ ነይ አሏት። የዝንጀሮ ነገ ጅራት አለው፤ ጅራቱን ስትይዙት ሌላ ነገ ሆኖ ይወጣል።

ዳልቻ በዚያን ጊዜ ሆዷ ገፍቶ ነበር። በበጋው አጋማሽ ትወልዳለች። በበጋ ሣሩ ይደርቃል፤ በደረቅ ሣር ብቻ የወለደች አህያ ደግሞ ወተት አይኖራትም። ካቻምና የወለደችው ውርንጭላ በዚሁ ምክንያት ሞቶባታል። ስለዚያ ውርንጭላ ለማንም አታወራም። ያ ገብስ ካልመጣ ግን ይኸኛውም እንደሚሞት ታውቃለች።

ስለዚህ ዳልቻ ከሰሰች። የዚያን ጊዜ ዳኛ አንበሳ ነው። ሾላ ሥር ተኝቶ ይፈርዳል፤ አንዳንዴም ተኝቶ ሳለ ይፈርዳል። ያን ቀን ግን ነቅቶ ነበር። ሁለቱንም ሰማና ማኅበሩ ለዳልቻ ሁለት ዳውላ ገብስ ይክፈል ብሎ ፈረደ። ዳልቻ ደስ ብሏት እስከ ወንዙ ድረስ እየጋለበች ሄደች። የዋህ ናት፤ ፍርድ ያገኘ ሁሉ ገብስ ያገኘ መሰላት።

በማግስቱ ፍርዷን ይዛ ጎተራው በር ሄደች። ጎፈሬ አክብሮ ተቀበላት። እመት ዳልቻ ብሎ ጠራት፤ እስከዚያ ቀን ድረስ «አንቺ አህያ» ነበረች። ፍርዱን አደነቀ፣ ዳኛውን አደነቀ፣ እንኳን ደስ ያለሽ አላት። ከዚያ ወደ ላይ ወደ አጥንቱ አሳያት። ምን ላድርግ እህቴ፣ ጎተራው እኮ የአያ ጅቦ መያዣ ነው፤ ከእሱ ላይ አንድ ፍሬ ባነሳ ይበላኛል አላት። ይህን ሲላት ከበስተኋላው ዝንጀሮዎቹ ተኮልኩለው ያንኑ ገብስ ቆሎ አድርገው ይቆረጥሙ ነበር። ዳልቻ እነዚያስ ምን እያደረጉ ነው ብላ ጠየቀች። ጎፈሬ ዞር ብሎ አየና ነቀዝ እንዳይገባው ለአያ ጅቦ እየቀመሱለት ነው አላት።

ዳልቻ ተመለሰች። አስባ አስባ፣ ባለመያዣውን ራሱን ላናግረው አለች። አስቡት እንግዲህ፤ አህያ ለጅብ አቤት ልትል ስትሄድ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ጅብ ሲጠግብና ሲያንቀላፋ ጠብቃ ሄደች። ዋሻው ፊት ለፊት ፈፋ አለ፤ ከፈፋው ወዲህ ቆመች። አያ ጅቦን እጅ ነሳችና፣ እርስዎ ቀድመው ይዘዋል፣ ስለዚህ ድርሻዎን ቀድመው ይውሰዱ፤ ከተረፈው ላይ እኔ ሁለት ዳውላዬን ልውሰድ ስትል ለመነችው።

አያ ጅቦ አንድ ዓይኑን ገለጠ። መስከረም እንዳለፈ፣ ብድሩም እንዳልተመለሰ አመነ። ግን ምን አስቸኮለኝ አላት። ገብስ አይበላም፤ ቢወስደው የት ያደርገዋል? ጎፈሬ ደግሞ ባለጌ አይደለም፤ በየወሩ ለጤናህ ብሎ አንድ አንድ ፍየል ይልክለታል። ፍየሉ ከማኅበሩ ገብስ ተለውጦ እንደሚመጣ አያ ጅቦ ያውቃል፤ ለማወቅ ግን አይፈልግም። ከዚያ ሆዷን አየት አደረገና እንዲህ አላት፦

«እኔ አልወስደውም፤ ሌላም አይወስደውም። መያዣ ማለት እንደዚህ ነው። አንቺ ግን ወፍረሻል፤ ወዲህ ተሻግረሽ ቅርብ ሆነሽ ብናወራ ምን ነበረበት?»

ዳልቻ ከቅርብ ማውራት አልፈለገችም። ቤቷ እስክትደርስ ወደ ኋላዋ አላየችም።

ሦስተኛው ጊዜ ጎፈሬ ራሱ ጠራት። አራተኛ ሚስት ሊያገባ ነበርና ለሠርጉ ላከባት። አህያ ሠርግ ከተጠራች ወይ ለውሃ ነው ወይ ለእንጨት፤ ዳልቻም ይህን አላጣችውም። ግን ገብሱን አየው ይሆናል ብላ ሄደች፣ ውሃም ቀዳች። አየች እንግዲህ። የማኅበሩ ገብስ በጋን በጋን ጠላ ሆኗል። ገደሉ ሙሉ ዝንጀሮ ሰክሮ ይዘፍናል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ይወድቃል። ወደ ጎተራው አንገቷን ብታስገባ ከግማሽ በታች ሆኖ አገኘችው። በዚህ ዓይነት እስክትወልድ ድረስ አንድ እፍኝም አይተርፍም። የዚያን ጊዜ ንዴቷ ከፍርሃቷ በለጠ። ከሠርገኛው መሀል ገብታ አለቃ ጎፈሬ ፍርዴን ክፈሉኝ አለች።

ጎፈሬ አልተቆጣም። ጽዋውን አስቀምጦ «አያ ጅቦ፣ ገብስህን ሊወስዱብህ ነው!» ብሎ ተጣራ። አያ ጅቦ ለካ ከጋኑ ጀርባ የሠርጉን ፍየል አጥንት እየጋጠ ነበር። ብድግ ሲል ዳልቻ እንስራውን ከነውሃው ጥላ ሸሸች። ዝንጀሮዎቹ ሳቁ። ዝንጀሮ የራሷን መቀመጫ ሳታይ በሰው ትስቃለች እንዲሉ ነው። ዳልቻ ሳቃቸው እየተከተላት ሮጠች፤ ያን ቀን አለቀሰች።

እያለቀሰች ዋናው መንገድ ላይ ስትደርስ ሁለት ሰዎች አየች። ሁለቱ ሰዎች በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረዋል። እናንተ ይህን አላያችሁም፤ እኛ አይተናል። በቀድሞው ዘመን ባለገንዘብ ባለዕዳውን ሲይዝ ነጠላቸው ጫፍ ለጫፍ ይቋጠራል፤ ዕዳው እስኪከፈል አንዱ ከአንዱ አይለይም። ይህ ቁራኛ ይባላል። አንዱ ውሃ ሲጠማው ሁለቱም ወንዝ ይወርዳሉ። አንዱ ጫካ ሲገባ ሌላውም ይገባል፣ ፊቱን አዙሮ ይቆማል። ዳልቻ ያየቻቸው ሁለቱ ሰዎች ይሰዳደቡ ነበር። ባለዕዳው ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ባለገንዘቡ ይቸኩላል፤ በመጨረሻ ባለገንዘቡ ሰለቸውና ግማሹን ምሬልሃለሁ፣ ግማሹን አሁኑኑ ስጠኝና ልቀቀኝ አለው። ዳልቻ ቆማ አየች። ማልቀሷንም ተወች።

በማግስቱ አንበሳ ዘንድ ሄዳ ጎፈሬንና አያ ጅቦን አስጠራች። ሾላው ሥር አገር ተሰበሰበ። አንበሳ ምሳው ደርሶ ነበርና ሙግቱ እንዲያጥር ፈለገ። ጎተራው የማን እንደሆነ ጎፈሬን ጠየቀው። ጎፈሬ የአያ ጅቦ መያዣ ነው፣ እኔ ጠባቂ ብቻ ነኝ አለ። አያ ጅቦም ተነሥቶ በዳኛው ስም ማለ። አንበሳ ይሙት፣ እሷ ከመክሰሷ በፊት እኔ ይዤዋለሁ፤ አንበሳ ይሙት፣ አጥንቴን አገር ያውቀዋል አለ። አንበሳ ይሙት ሲባል መዋል የማይወደው አንበሳ ፊቱን አጨማደደ። ከዚያ ወደ ዳልቻ ዞሮ መልስሽ ምንድን ነው አላት። ሁሉም ጮኻ ታናፋለች ብሎ ጠበቀ።

«ልክ ነው ጌታዬ» አለች ዳልቻ። «አያ ጅቦ ይቀድመኛል።»

አያ ጅቦ ሳቀ። የጅብ ሳቅ ታውቃላችሁ።

«አንደኛ እሳቸው ናቸው፤ ሁለተኛ እኔ ነኝ። ግን ጠባብ መንገድ ላይ አንደኛው ቆሞ ከቀረ ሁለተኛው በየት ይለፍ? ይቅደሙኝ፤ ብቻ ይሂዱልኝ።»

አንበሳ ይህ ነገር ገባው። አያ ጅቦን ቀጠሮው መቼ እንደነበር ጠየቀው፤ መስከረም አለ። አልፏል ወይ ሲለው አልፏል አለ። ተከፍሎሃል ወይ ሲለው አንበሳ ይሙት አንድ ፍሬ አልተከፈለኝም አለ፤ ተከፍሎኛል ካለ መያዣው እንደሚወድቅ ያውቃላ። እንግዲያው ገብሱን ዛሬ ሰፍረህ ውሰድ ሲለው ደግሞ ገብስ አልበላም፣ እኔ ታጋሽ ነኝ፣ እጠብቃለሁ አለ። ጎፈሬ ከጎኑ ሆኖ ጎንበስ ቀና እያለ ትዕግሥቱን አመሰገነ።

«ይጠብቁ» አለች ዳልቻ። «መጠበቅ መብታቸው ነው። ግን ባለገንዘብና ቀኑ ያለፈበት ባለዕዳ የሚጠባበቁት ተቆራኝተው ነው። ሕጉ እንዲህ ይላል።»

አንበሳም አዎ፣ ይላል አለ። አያ ጅቦ ሳቁን ዋጠ። ቶሎ ብሎም እሷም እኮ ባለገንዘብ ናት፣ ፍርድ አላት፣ እሷ ከጎፈሬ ጋር ትታሰር አለ። ዳልቻ ረጋ ብላ መለሰችለት። እኔማ ሁለተኛ ነኝ፣ እርስዎ ሳይቀድሙኝ እንዴት እታሰራለሁ አለችው። አንበሳም ይህን ሲሰማ ሆዱ እየጮኸም ቢሆን ፈገግ አለ።

ገመድ አምጡ ተባለ። አንድ ዝንጀሮ ለአለቃው አዝኖ ጠፍር አመጣ። አንበሳ ግን ጅብ ጠፍሩን ለእራቱ እንደሚበላው ያውቃልና ወፍራም የቃጫ ገመድ አስመጣ። አንዱን ጫፍ በጎፈሬ ወገብ፣ አንዱን ጫፍ በአያ ጅቦ ወገብ አሰሩ። ቋጠሮው የሚፈታው አያ ጅቦ በገዛ አፉ ተከፍሎኛል ሲል ብቻ ነው ተባለ። አያ ጅቦ አሰበና ብበላውስ ብሎ ጠየቀ። ጎፈሬ ከታሰረበት ቦታ እስከ ገመዱ ጫፍ ዘለለ።

«ባለዕዳህን ከበላህ ገንዘብህን ተቀበልክ ማለት ነው» አለ አንበሳ፤ ወደ ምሳውም ሄደ።

መንገድ ላይ ጎፈሬ በሹክሹክታ አያ ጅቦን አደፋፈረው። አህያ ናት፣ ትሰለቻለች፣ ትንሽ ቻለኝ አለው። ተስማሙ። ዳልቻ ከሩቅ ሣር እየነጨች ትከተላቸው ነበር።

ሲመሽ ዝንጀሮዎች ወደ ገደሉ መውረድ ጀመሩ። ዝንጀሮ ሜዳ ላይ አያድርም፤ ነብር ይፈራል። ጎፈሬም እንደ ልማዱ ገደሉን ተንጠላጥሎ ወረደ። አያ ጅቦ ግን ገደል አያውቅም። ገመዱ ጎተተው፤ አፋፉን በፊት እግሩ አቅፎ ቀረ፣ የኋላው ግን ወደ ታች ተንጠለጠለ። ጎፈሬ ከታች ይስባል፣ አያ ጅቦ ከላይ ይፍጨረጨራል። የኋላ እግሮቹ ድንጋዩን ሲቧጥጡ፣ ሲቧጥጡ ተፍቀው አጠሩ። እስከ ዛሬም ከኋላው ዝቅ ብሎ የሚያነክሰው ለዚህ ነው። ዳልቻ ከአፋፉ ማዶ ሆና ጠየቀች።

«አያ ጅቦ፣ ተከፈለዎት?»

«አልተከፈለኝም!» አለ አያ ጅቦ፤ ጥርሱን ነክሶ።

እንደምንም ሜዳው ላይ ወጣ፣ ጎፈሬንም በገመዱ ስቦ አወጣው። አሁን ደግሞ ተራው የእሱ ሆነ። ጅብ ማታ ይወጣል፣ ሲዞር ያድራል። ጎፈሬ ሲመሽ ዓይኑ አያይም፣ እንቅልፉም ከባድ ነው። አያ ጅቦ የፍየል ሽታ ተከትሎ ሲሮጥ ጎፈሬ ተቀምጦ አንቀላፍቶ ነበር፤ እንደተቀመጠ ተጎተተ። በኮረት ላይ ተጎተተ፣ በእሾህ ላይ ተጎተተ፣ በቆንጥር ውስጥ ተጎተተ። ጩኸቱን የሰሙ ፍየሎች ሁሉ ሸሹ፤ አያ ጅቦ ጾሙን አደረ። ሲነጋ ከጎፈሬ መቀመጫ ላይ አንድ ጠጉር አልተገኘም። እሱም እስከ ዛሬ አልበቀለለትም፤ ካላመናችሁ ሄዳችሁ እዩ፣ ራሱ ያሳያችኋል። ዳልቻ ጤዛውን እየላሰች መጣችና ጠየቀች።

«አያ ጅቦ፣ ተከፈለዎት?»

አያ ጅቦ ጎፈሬን አየ። ጎፈሬ አያ ጅቦን አየ።

«አልተ... አልተከፈለኝም» አለ አያ ጅቦ፣ ቀስ ብሎ።

ፀሐይ ወጣች። አያ ጅቦ ዋሻው ገብቶ መተኛት ፈለገ፤ ጎፈሬ ግን ርቦታል። ዝንጀሮ ደግሞ የሚበላው በቀን ነው፣ ያውም ከሰው እርሻ። ጎተተው። አያ ጅቦ እንቅልፍና ረኃብ ስላደከመው እንደ ጥጃ ተከተለ። ማሽላው ውስጥ ገቡ። ማማ ላይ ያሉት ጠባቂዎች ወንጭፋቸውን አነሡ። ዝንጀሮ ወንጭፍ ያውቃል፤ ጎንበስ ይላል፣ ከግንድ ይጠጋል። አያ ጅቦ ግን ወንጭፍን አያውቅም፤ በጠራራ ፀሐይ እርሻ መሀል ቆሞ ምንድን ነው የሚያፏጨው ብሎ ቀና አለ። አንዱ ድንጋይ ግንባሩን፣ አንዱ ጎኑን፣ አንዱ ያንኑ የተፋቀ እግሩን መታው። ጎፈሬ ወደ ኋላው ተሸሸገና ጅቡን ጋሻ አደረገው። ዳልቻን ሲያባርርበት የኖረው ጋሻ ነውና እጁ ለምዶታል።

የዚያን ጊዜ ሁለቱ ተጣሉ። አያ ጅቦ አንተ ውለታ ቢስ፣ ብድሬን ሳትመልስ ታስገድለኛለህ ወይ ብሎ ጮኸ። ጎፈሬም መቀመጫው እየለበለበው ነበርና ያደረበትን ሁሉ ዘረገፈው።

«ያ ሁሉ ፍየል ታዲያ ምን ነበር? በየወሩ ከማኅበሩ ገብስ እየለወጥኩ ያበላሁህ ለዓይንህ ነው? ብድርህን ሦስት ጊዜ በልተኸዋል!»

ይህን ዳልቻ ሰማች። ከገደሉ ጫፍ የሚያዩት ማኅበርተኞቹ ዝንጀሮዎችም ሰሙ፤ የፍየሉን ነገር እነሱም አያውቁም ነበር። ሌላ ድንጋይ እያፏጨ መጣ። ዳልቻ ከማሽላው ዳር አንገቷን ብቅ አደረገች።

«አያ ጅቦ፣ ተከፈለዎት?»

«ተከፍሎኛል!» አለ አያ ጅቦ። «ተከፍሎኛል! ተከፍሎኛል! ፍቱኝ!»

ጅብ ሲጮህ አገር ይሰማል። ያን ቀንም አገር ሰማ፤ ሾላው ሥር የተኛው አንበሳም ሰማ፣ ሦስቴ።

ገመዱ ተፈታ። አያ ጅቦ ትንሽ እንዳረፈ ግን ሐሳቡን ቀየረ። እያነከሰ አንበሳ ዘንድ መጥቶ፣ ያልኩት ከሥቃይ ለማምለጥ ነው፣ እውነቱ አልተከፈለኝም አለ። አንበሳ ተመለከተው።

«ትናንት በስሜ ምለህ አልተከፈለኝም አልክ። ዛሬ አገር እየሰማ ተከፍሎኛል አልክ። አንዱ ውሸት ነው። የትኛው እንደሆነ ንገረኝና በዚያ ልቅጣህ።»

አያ ጅቦ አሰበ። በዳኛው ስም በሐሰት የማለ ምን እንደሚደርስበት ያውቃል፤ አንበሳ ደግሞ ምሳውን ገና አልበላም። ዝም አለ። አንበሳም ዝም ያለ ተከፍሎታል ብሎ ፈረደ። መያዣው ወደቀ፣ አጥንቱ ከበሩ ላይ ይውረድ ተባለ። አያ ጅቦ አጥንቱን ተቀብሎ ወጣ፤ ርቦት ነበርና መንገድ ላይ በላው።

ማኅበርተኞቹ ጎፈሬን ከአለቅነት ሻሩት። አራተኛዋ ሚስቱም መቀመጫውን አይታ ወደ ወላጆቿ ተመለሰች። ጎተራው ሲሰፈር የቀረው ከሁለት ዳውላ ብዙም የማያልፍ ሆነ። አንደኛው ስለሄደ አሁን አንደኛዋ ዳልቻ ናት። ገብሱን ሰፍሮ በጀርባዋ ላይ የሚጭነው ራሱ ጎፈሬ እንዲሆን አንበሳ አዘዘ። ጎፈሬ ሲጭን አልተቀመጠም፤ መቀመጥ አልቻለም።

ዳልቻ ዕድሜዋን ሙሉ የሌላ ጭነት ተሸክማለች። ያን ቀን የራሷን ተሸከመች። ከበዳት፣ ገጣባዋንም አመማት፤ ግን ከዚያ በፊት እንደዚያ ደስ ብሏት አታውቅም። በበጋው አጋማሽ ወለደች። ጡቷ ሞላ። ውርንጭላዋ በሳምንቱ እየዘለለ ቆንጥር ውስጥ ገባ፣ እሷም ስትቆጣው ዋለች።

አባቶች እንግዲህ «ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል» የሚሉት ይህን አይተው ነው። በያዘው ነገር የሌላውን ጉሮሮ የዘጋ፣ አንድ ቀን በገዛ አፉ ይለቅቃል።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌንም የምታብሱበት ዳቦ ይምጣ። ዳቦውን እኔ ቀድሜ ይዤዋለሁ የሚል ካለ ይኸው ገመዱ፤ ይምጣና ከእኔ ጋር ይቆራኝ።